የቄራው ሰማይ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጋሪዬን ስነዳ፣
ከኮምቦልቻ ቄራ እስከ አጥንቱ ሜዳ፣
ሰዓት አልገዛሁም።
ፀሐይ የሐረጎን ገደል ስታሞቀው፣
ሌሊት ያደረ ጉም ዛፉን ሲለቀው፣
እነሱ ይነሣሉ፤
ክንፍ ሳያራግቡ፣ ዝም ብለው ዘርግተው፣
ሙቀቱን እንደ ደረጃ ሽቅብ ተራምደው።
"ሦስት ሰዓት ሆነ" እለዋለሁ ቦራን፤
ፈረሴም ያውቃል፣ ጆሮውን ቀስሮ ያያል ሰማዩን።

ጥንብ አንሣ ይባላሉ።
ስም አይደለም፣ ስድብ ነው፤
ሰው ከሰው ሲጣላ የሚወራወረው።
እኔም ብዬዋለሁ ጎረቤቴን ይመርን፣
አጥር ገፋህ ብሎኝ የተጣላን ቀን።

ማዕዱን ላየ ግን ወግ ነበራቸው።
ቆዳው የደነደነ በሬ ሲጣልላቸው
ደቃቆቹ ፈንጠር ብለው ይጠብቃሉ
ያንን ራሰ በራ፣ ባለ መጥረቢያ አፍ፤
እሱ ነው በር ከፋች፤ ሳይቀደው አይታለፍ።
ከዚያ አንገተ ረጅሞቹ ይገባሉ ጠልቀው፤
ያቺ ምንቃረ ወስፌ፣ ሁሉ የናቃት፣
ከጎድን እስከ ጎድን ፍርፋሪ ትለቅማለች፤
ማንም የማይደርስበት እሷ ትደርሳለች።
አጥንቱን ጢማሙ ሽቅብ ይዞት ይሄዳል፤
ካለት ላይ ሲለቀው ቅልጥሙ ይፈነዳል።
የቀረውን ጅብ፣
ከጅብ ያመለጠውን ጉንዳን፣
ከጉንዳን ያለፈውን መሬት።
መሬቱ በክረምት ሣር ያበቅላል፣
ሣሩን ቦራ ይግጣል፤
እኔ በቦራ እበላለሁ።
እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ጥንብ ያላነሣ ማነው?

በግንቦት የይመርን ጊደር ጅብ በላበት፤
ለጦይባ ደብተር፣ ለጣሪያ ቆርቆሮ ያሰበባት።
ሰው ነው፤ አንጀቱ አረረ።
ከገበያ ነጭ ዱቄት በላስቲክ ቋጥሮ መጣ፤
ከጊደሯ በተረፈው ሥጋ ላይ ነሰነሰው፣ እንደ ጨው።
"ለጅቡ ነው" አለኝ።
እውነቱን ነው፣ ለጅቡ ነበር።
ጅቡ ግን ያን ሌሊት ከቦርከና ማዶ አደረ፤
ሲነጋ ሰማይ ቀድሞ አየ።

አርባ ሰባት።
እኔ ነኝ የጫንኳቸው፤ ሦስት ዙር ተመላለስኩ።
ክንፋቸው ከጋሪው ተርፎ አቧራውን ይጠርጋል፤
ሞተውም ይጠርጋሉ።
ቦራ መንገድ ላይ ቆመብኝ፤
ጅራፍ አላነሣሁበትም።

ከዚያ ወዲያ የወደቀው ሁሉ ሰነበተ፤
የጣልኩት እንደ ጣልኩት አበጠ፣ ሸተተ።
ዝንቡ መጣ። ከዝንቡ ኋላ ውሻ፣
ባለቤት የሌለው፣ ስም ያልወጣለት ውሻ፤
ወለደ፤ የተወለደውም ወለደ፤
ጥጋብ በዛለትና ሠፈሩን ለመደ።
መስከረም ላይ ስድስት ነበሩ፤
ኅዳር ላይ መቁጠሩን ተውኩት።
አንዱ፣ አፉ አረፋ የደፈቀው፣
ጦይባን ከትምህርት ቤት መልስ ጠበቃት።

ይመር በሌሊት አጥሬን መታ፤
ያንኑ የተጣላንበትን አጥር።
"አብሽር" አልኩት፤ ሌላ የምለው አጣሁ።
ለመርፌው ወደ ደሴ በሚኒባስ ስንወጣ
ሐረጎ ጥምዝምዙ ላይ ጎሕ ቀደደ።
ልጅቱ እግሯ በሻሽ እንደ ታሠረ
የመስኮቱን ላበት በእጇ ጠርጋ አየች፤
"ጋሼ ሙሄ፣ ያንን ገደል ኖራ የቀባው ማነው?"

የስንት ዘመን ኩስ ነው፣ ካለቱ ላይ የነጣ፤
ደጁ ተለስኖ ሰው የወጣበት ቤት።
ይመር ሊነግራት አፉን ከፈተ፤
ስማቸው ስድብ ነውና ከጉሮሮው ቀረ።

ደጋግማ ተወግታ ተረፈች፣ አልሐምዱሊላህ።
እኔም ያን ቀን ከፒያሳ ሰዓት ገዛሁ።
ይሠራል።
ቦራ ግን እስካሁን ረፋድ ላይ ይቆማል፤
ጆሮውን ቀስሮ
ሰማዩን ይጠብቃል።